የቪቶልድ ጓንት

በግሮድኖ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ መተላለፊያ ላይ የተሰቀለው ፎቶ የሚያሳየው ያዜፕን ብቻ ነው፤ ዋንጫ ያስገኘችውን ጎል አግብቶ ሲጮኽ። ትከሻው ላይ አንዲት ጓንት አርፋለች። ባለጓንቱን ግን ፎቶው ሲዘጋጅ ቆርጠው ጥለውታል። ያቺን ፐክ፣ የሆኪዋን ጠፍጣፋ ኳስ፣ ያቀበለው ቪቶልድ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን ያዜፕ ዋና አሰልጣኝ፣ ቪቶልድ ረዳቱ ነው። በየጠዋቱ ያቺን የራሱን ጓንት ሳያይ አያልፍም።

የዚያን ቅዳሜ ጨዋታ ከተሸነፉ ያዜፕ ይሰናበታል፤ ዳይሬክተሯ ያድቪጋ ቁርጡን ተናግራለች። ቦታው ለማን እንደሚሆን የማያውቅ አልነበረም።

ቪቶልድ የተጫዋቾቹን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ምላጭ በማሽን ሲሞርድ ያዜፕ በበሩ ብቅ አለ።

"ቪትካ፣ ዛሬ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እንዲፈጥኑልኝ እፈልጋለሁ። ከምላጩ ሥር ያለውን ቦይ ጥልቅ አድርገው፣ እንደ ልምምዱ።"

ቪቶልድ ማሽኑን አቆመ። በልምምድ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ነው፣ በረዶውም ድንጋይ፤ ጥልቅ ቦይ ይነክሰዋል። ሦስት ሺህ ሰው ገብቶ ሲተነፍስበት ግን ወደ መጨረሻው ይላላል፤ ጥልቅ ቦይ ያለው ምላጭ ይሰምጥበታል። ያዜፕ ይህን አያውቅም። በተጫዋችነቱ ዘመን ሁሉ ጫማውን የሞረደለት ቪቶልድ ነው።

"ጥልቅ?"

"ጆሮህም ሞረድ ይፈልጋል እንዴ?" ብሎ ያዜፕ ሳቀ።

"እንዳልክ፣ አለቃዬ።"

እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ሁለት ለባዶ መሩ። ቪቶልድ ፊቱ እንዳያጋልጠው አቀርቅሮ ቆየ። በሦስተኛውና በመጨረሻው ልጆቹ ዝናብ በመታው የድንች ማሳ ላይ እንደሚሮጥ ሰው እግራቸው ከበዳቸው። ሦስት ጎል ገባባቸው።

"ጫማችን አልንሸራተት አለ!" አለ አምበሉ መልበሻ ክፍል ውስጥ።

ያድቪጋ ወደ ቪቶልድ ዞረች። "አንተ አይደለህ የሞረድከው?"

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አለ ያዜፕ።

"እሱስ አፍ የለውም?"

"ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር። ይሄ ሰው አንድም ቀን ያለቦታው አቀብሎኝ አያውቅም።"

ቪቶልድ አጎንብሶ ወለሉ ላይ የወደቁትን ዱላዎች መሰብሰብ ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉንና ፊሽካውን ተረከበ። ያዜፕ ዕቃውን በአንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ በሜዳው ዳር ሲያልፍ ተጫዋቾቹ ቆሙ፤ ለክብሩ፣ እንደ ወጉ፣ ዱላቸውን በረዶው ላይ መደብደብ ጀመሩ። ቪቶልድ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለእሱ እንዲህ ዱላ የተደበደበለት ጊዜ ትዝ አላለውም። ሥራውን አጥቶ በሚሄደው ሰው፣ ዛሬም፣ ቀና።

"በቃ! ወደ ልምምድ!" ብሎ ፊሽካውን ነፋ።

የሰማው የለም። የውጭው በር እስኪዘጋ ድረስ ደበደቡ።