ከኮረብታው በፊት ያለው መታጠፊያ

ኮረብታው መስኮቱን ሞልቶት ሳለ ካፒቴኑ ገና መሪውን ወደ ቀኝ እየጠመዘዘ ነበር። ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ወንበሩ ከሥሩ ዘለለ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። መስኮቱ ቀይ ሆነ። እውነተኛ አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ የስንት ቤት ለቅሶ ነበር፤ ይሄ ግን በብረት እግሮች ላይ የቆመ የመለማመጃ ክፍል፣ ሲሙሌተር ነውና ከካፒቴኑ ስም በቀር የሞተ የለም።

ስሙ ደግሞ ቀላል ስም አልነበረም። ከተማዋ በተራሮች መሀል ስለተወሸቀች ወደ ማረፊያዋ ቀጥ ብሎ መግባት የለም። መጀመሪያ ወደ አንድ ኮረብታ ፊት ለፊት ይበረራል። ኮረብታው ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ትልቅ ምልክት አለ፤ እሱ ጋ ሳይደርሱ በዓይን ብቻ ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ ከዚያ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ የመብራቶቹን ሰልፍ ተከትሎ እንደ ማጭድ እየጎበጡ ማኮብኮቢያው ላይ መቀመጥ ነው። ሌላው አብራሪ ሁሉ ይፈራዋል። ካፒቴኑ ግን ስለተካነበት ወጣቶቹ "አባ ኩርባ" አሉት። ስሙን የማይወደው መስሎ ይወደው ነበር።

ከኋላ የተቀመጠው ፈታኝ ጉሮሮውን ጠረገ። ካፒቴኑ ራሱ እጁን ይዞ ያስተማረው ልጅ ነው፤ ዛሬ ግንባሩ ገላጣ ሆኖ፣ መነጽር ሰክቶ፣ የመምህሩን ዓመታዊ ፈተና ይፈትናል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ምስሉ ትንሽ ይዘገያል መሰለኝ" አለ። "ጠዋት የገቡትም እንደዚሁ ሲሉ ነበር።"

ካፒቴኑ ምስሉ እንዳልዘገየ ያውቃል። ምልክቱን ጥርት አድርጎ አይቶታል፤ አይቶም "ትንሽ ልጠጋ" ብሎ ነበር፣ እንደ ለመደው።

"እኔም ታዝቤዋለሁ" አለ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ጆሮው ጋለ።

"አንቺስ?" ፈታኙ በቀኝ ወንበር ወዳለችው ረዳት አብራሪ ዞረ።

"አዎ፣ ትንሽ ይዘገያል" አለች፣ ቀና ሳትል።

"በሉ ሻይ ጠጡና እንደግመዋለን። ከእናንተ ቀጥሎ የሚገቡ ስላሉ ግን የመጨረሻ ነው። ካላረፉበት ወደዚያ ከተማ እንዲበሩ መፈረም አልችልም፣ ጋሼ። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት።"

ሻይ ክፍሉ ውስጥ የወረቀት ብርጭቆውን ገና እንደያዘ ሚስቱ ደወለች።

"አለቀ?"

"ትንሽ ይቀራል።"

"እንዴት ነው?"

"እንደ ሁልጊዜው ነዋ።"

"ድምፅህ ግን እንደ ሁልጊዜው አይደለም። በል ቶሎ ና፤ ወንድሜ ለእራት ይመጣል። ያቺን የኩርባ ነገር ዛሬም በሹካና በሳህን ካላሳየኝ ብሏል።"

ስልኩን ዘጋ። ረዳቷ ከጠረጴዛው ማዶ ስኳሩ የሟሟውን ሻይ አሁንም ታማስላለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ በሚቀጥለው ዓመት የግራውን፣ የካፒቴኑን ወንበር ትይዛለች እየተባለ ነው።

"ምስሉ ዘግይቷል?" አላት።

"እንግዲህ፣ ትንሽ..."

"እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

"አልዘገየም።"

"እኔ እንደዘገየሁ መቼ አወቅሽ?"

"ኮረብታው ሲቀርብ። ማስጠንቀቂያው ከመጮሁ በፊት።"

መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነበር። "ታዲያ አፍ የለሽም? ጎ አራውንድ ማለት አቃተሽ?" በሙያው ቋንቋ ማረፉን ትተህ ተነስ ማለት ነው። ከሁለቱ ወንበር አንዱ ይህን ካለ ክርክር የለም፣ ይነሳል።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አንድ ቀን ብዬ ነበር፣ ካፒቴን። ልምምድ ላይ ሳይሆን ሰው ጭነን። እዚያው ኮረብታ ላይ ረፍዷል አልኩዎት።"

"ምን አልኩሽ?"

"'አንቺ ሳትወለጂ እዚህ ታጥፌያለሁ' አሉኝ። ከወረድን በኋላ ደግሞ ለአስተናጋጆቹ ነገሯቸው። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።"

አስታወሰ። ቀጭን ድምጿን አስመስሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ "ረፍዷል፣ ረፍዷል" እያለ ነበር ያወራው። ጨዋታው ደርቶለት ነበር። ኮረብታው በዚያ ቀን ምን ያህል ተጠግቶ እንዳለፈ ግን ለማንም አላወራም፤ ለራሱም። አሁን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ።

"ሻይሽ በረደ" አላት።

ሲነሱ ግን "በዚህኛው ዝም እንዳትዪ" ብሎ አከለበት።

"እሺ።"

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። ይሄኛው ግን ለትልቅ ሰው የሚባለው፣ ምንም ቃል የማይገባበት እሺ ነበር።

የሲሙሌተሩ በር ላይ ፈታኙን ክንዱን ያዘው። "ስማ፣ ምስሉ ደህና ነው። የዘገየሁት እኔ ነኝ።"

"ኧረ ይሁን ጋሼ፣ ማን ጠየቀዎት? ይግቡ፣ ይግቡ" አለና በሩን ያዘለት። እውነቱን እንኳ በአክብሮት መለሰለት። እነዚህ ሰዎች እኔን ሲያከብሩ ሊገድሉኝ ነው ሲል አሰበ፤ ይህን ያስተማርኳቸውም እኔው ነኝ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ኮረብታው እንደገና መጣ። ነጩ ምልክት ታየ። ካፒቴኑ አልተጠጋም፣ በጊዜ ታጠፈ። ጣሪያዎቹ ከሥር አለፉ፣ መብራቶቹ አንድ በአንድ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ገቡ። ፈታኙ ከኋላ የጨመረበት ነፋስ ከሰልፉ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋው። ማኮብኮቢያው ከፊቱ ተዘረጋ፣ ጥቂት ጠመም ብሎ። ይገባል። እጁ ያውቀዋል፤ አንዲት ጎንበስ፣ አንዲት ቀና፣ ከዚያ ፊርማው፣ እራቱ፣ ሹካና ሳህኑ።

"ጎ አራውንድ" አለች።

ድምጿ በጣም አንሶ ነበር። ያልሰማ ቢመስል ማንም አይፈርድበትም፤ እሷም ብትሆን አትደግመውም። እጁ የሞተሩ እጀታ ላይ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ቆየ።

ከዚያ እስከ መጨረሻው ገፋው። አፍንጫው ቀና አለ፣ ማኮብኮቢያው ከሥር ሾልኮ ጠፋ፣ መስኮቱን ባዶ ሰማይ ሞላው።

ፈታኙ ምስሉን አቆመ። "ጋሼ፣ ገብቶልዎት ነበር እኮ። እኔ ከዚህ ሆኜ እያየሁት ነበር።"

ረዳቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ይቅርታ ካፒቴን፣ እኔ ጠመም ሲል ሳይ..."

"አይገባም ነበር" አለ ካፒቴኑ።

"ኧረ እኔ አይቼዋለሁ..."

"እሷ ጎ አራውንድ ካለች አይገባም።"

ፈታኙ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። "ታዲያ ምን ላድርግ? ልፈርምልዎት?"

ካፒቴኑ ፊቱ እንደጋለ ነው። ቀበቶውን ፈታ።

"አትፈርም" አለው።