ለአንሴልሞ ኮራሎች መብራት

«ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ…» ቲያ ሉሚንግ መቁጠሪያቸውን እየሳቡ ሦስተኛውን የዐሥር ጊዜ ጸሎት ሲያጋምሱ፣ ከሳሎኑ ጥግ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማና የመስታወት ገንዳው መብራት ጠፋ። ጸሎቱ አልተቋረጠም። ሮዌና ብቻ ዞር ብላ አየች።

አባቷ አንሴልሞ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ዘጠኙ የጸሎት ቀናት እስኪያልቁ ዘመድ አዝማዱ ከሥራ መልስ እየመጣ ይጸልያል፣ ፓንሲት የሚሉትን የአገራቸውን ፓስታ ይበላል፣ እያንሾካሾከ ያወራል። ውጭ የዊኒፔግ ከተማ ጥር ነው፤ በረዶው የመስኮቱን ግማሽ ሸፍኖታል።

ገንዳው ከአንድ ሻንጣ አይበልጥም። ውስጡ የጨው ውሃና ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት፣ ሦስት ኮራሎች፣ አሉ፤ አንዱ እንጉዳይ ይመስላል፣ አንዱ የተከመረ አዝራር፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ለስላሳ ቆዳ የሚተጣጠፉ ጣቶች አሉት። አባቷ ጡረታ ሲወጡ የጀመሩት ነገር ነው። ሮዌና ካፖርት ስትሰፋ ውላ ስትገባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መስታወቱን ሲያዩ ታገኛቸው ነበር። «ታታይ፣ ራት በሉ?» ትላቸዋለች በቀኝ ጆሯቸው በኩል። ግራው አይሰማም። የሠራሁበት የአውቶቡስ ጋራዥ ጫጫታ ነው ያደነቆረኝ ይሉ ነበር። ስለ ኮራሎቹ ግን አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም።

«ተይው፣ ሰሞኑ ሲያልፍ ይደርሳል» አሉ አክስቷ ቲያ ሉሚንግ ጸሎቱ ሲያበቃ። «ዓሣ እንኳ የለበት።»

«ነፍስ አላቸው እኮ ቲያ። ያለ ብርሃን አይኖሩም፣ ታታይ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እና ሐዘን ቤት ጥለሽ አምፖል ልትገዢ? ሰው ምን ይላል?»

ሮዌና ወደ ገንዳው ሄደች። ኮራሎቹ ተኮማትረዋል። አባቷ ወጥ ቤት ውስጥ የወደቁ ዕለት እሷ ፀጉሯን በማድረቂያ ታደርቅ ስለነበር አልሰማችም። ስትደርስ ቡናቸው እንኳ ቀዝቅዞ ነበር። አሁንም የዘገየች መሰላት።

በማግስቱ ጠዋት ማንንም ሳታማክር ወደ ጌጥ ዓሣ መሸጫው ሄደች። ባለሱቁ ዱክ የማን ልጅ እንደሆነችና አባቷ ማረፋቸውን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር። እዚህ መብራቶቹ ሥር እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። ‹የሦስት ሰው ቁመት ያህል ጠልቀህ ስታየው የጠዋት ፀሐይን የሚመስለው የቱ ነው?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው! እኔ ስንዴ መሃል ነው ያደግሁት፣ ባሕር አይቼ አላውቅ።»

«እና የቱን መረጡ?»

«የቱንም። ስድስት ወር ሙሉ በዚያው በአሮጌው አምፖል።»

ሁለት መብራት አወጣላት። «ይሄ ትንሹ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ ለጀማሪ ኮራል በቂ ነው። ትልቁ ኃይለኛ ነው። ብዙ ብርሃን ለሚፈልጉት ነው የሚሆነው፤ እሱንም ቀስ እያሉ ካላለማመዱ…»

ሮዌና የሰማችው «ኃይለኛ» የሚለውን ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን «በቂ» በሚባል ነገር አታምንም ነበር። ትልቁን ይዛ ገባች፤ ሰቀለችውና እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። ሳሎኑ በርቶ ሰዉ ዓይኑን ጨፈነ።

በስድስተኛው ቀን ቆዳ መሳዩ ኮራል ከጣቶቹ ጫፍ ጀምሮ ነጣ። ሮዌና ከጸሎቱ መሃል አራት ጊዜ ተነሥታ አየችው፤ አራት ጊዜም ነጭነቱ ወደ ታች የወረደ መሰላት። አንዷ እንግዳ ውሃው ይቀየር አለች። አንዱ ደግሞ ብርሃን አንሷቸው ይሆናል አለ።

«ሌላ መብራት ልጨምር እንዴ?» አለች ሮዌና።

«አንቺ ልጅ፣ እየጠበስሻቸው ነው እኮ!»

የተናገሩት ቲዮ ፖንሶ ነበሩ፤ የአባቷ የአጎት ልጅ፣ አብሮ አደጋቸው። ስድስቱንም ቀን በሩ አጠገብ ተቀምጠው ከሰላምታ ሌላ አልተነፈሱም።

«ከጨለማ ቤት የወጣ ሰው ቀትር ላይ ቢገተር ምን ይሆናል? ዝቅ አድርጊው። ከዚያም ዝቅ።»

«እርስዎ በምን ዐወቁ?»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን ቃኙ። ወደ ወጥ ቤቱ ይዘዋት ገቡ።

«በልጅነታችን ባሕሩ ላይ ነበርን፣ እኔና አባትሽ። መረብ መግዣ የለን። ጠርሙስ ውስጥ ድማሚት ጠቅጥቀን እንወረውራለን፣ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ እንለቅማለን። አንድ ቀን የድማሚቱ ክር ቶሎ ነደደበት። ወረወረው፣ ግን ቅርብ ፈነዳ። ጆሮው ያኔ ነው የሄደው።»

«ጋራዡ አይደለም?»

«የምን ጋራዥ! ጠልቀን አየነው፤ ከሥር የነበረው ኮራል ሁሉ እንደ ተሰበረ ሳህን ሆኗል። እኔ ዓሣዬን ለቀምኩ። እሱ ስብርባሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ዳግመኛ አልወረወረም። እኔ ግን ሌላ ሁለት ዓመት…»

ሮዌና መብራቱን ከመቶ ወደ ሃያ አወረደችው። አባቷ ስድስት ወር ሙሉ እጃቸውን ብርሃን ሥር ዘርግተው መምረጥ ያቃታቸው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ፈርተው ነበር። እሷም ፈርታ ነበር፤ ግን የእሷ ፍርሃት ቸኮለ።

ሁለት ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በዘጠነኛው ቀን ቆዳ መሳዩ ሟሙቶ አለቀ። እንጉዳዩ ግን ከንፈሩን ዘርግቶ ነበር፤ ከአዝራሮቹም አምስቱ ተከፍተዋል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቲዮ ፖንሶ ቀሩ። ወደ ገንዳው ቀርበው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ልንካው?»

«ኮራሉን?»

«ውሃውን።»

አንድ ጣታቸውን ነከሩና ምላሳቸው ላይ አሳረፉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከደሴታቸው ከወጡ አርባ አንድ ዓመታቸው ነው።

«ጨዉ በዛ እንዴ?» አለች ሮዌና በስጋት።

ሽማግሌው ጣታቸውን እንደገና ነከሩ።