የአርባ ሰባት ቁጥር ኮከብ እርማት

ሐሙስ፣ መጋቢት አሥራ ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ አክስቴ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሥነ ፈለክ ተቋማችንን በር አልፋ ገባች። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምናገረው፣ ሽማግሌው የጥበቃ ሠራተኛ በመግቢያ መዝገቡ ላይ ሲጽፈው አጠገቡ ቆሜ ስለነበር ነው።

«ስም?» አላት፣ እያወቃት።

«ረሳኸው እንዴ? ጡረታ የወጣው ዓይንህ ነው ወይስ ጭንቅላትህ?»

«ሁለቱም አመልክተዋል፤ መልስ እየጠበቁ ነው» አለና በስም ቦታው ላይ «ሚዛን» ብሎ ጻፈ።

የተቋሙ ሰው ሁሉ የሚያውቃት በዚህ ቅጽል ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በምድር ቤቱ ክፍል ተቀምጣ፣ ካሜራ ዛሬ የደረሰበት ከመድረሱ በፊት በመስታወት ላይ የተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎችን በመለኪያ መሣሪያ እያየች የከዋክብትን ድምቀት መዝግባለች። የለካቻቸው ከዋክብት ከስልሳ ሺህ ይበልጣሉ። ተሳስታ የተገኘችበት አንድም ጊዜ የለም። እኔ የከዋክብት ተማሪ የሆንኩት በእሷ ምክንያት ነው፤ በዚያ ቀን የጠራኋት ደግሞ ተሳስተሻል ልላት ነበር።

«እናትሽ በስልክ ‹ልጅቷ ለአንድ ጉዳይ ትፈልግሻለች› አለችኝ» አለች ደረጃውን በቀስታ እየወረደች። «ጉዳይሽ ባል ከሆነ እዚህ ምድር ቤት የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፈልጌ አጥቻለሁ።»

«ጉዳዬ ኮከብ ናት።»

«እሷም ብትሆን ያው ናት። ክንዴን ያዢልኝ፤ ይሄ ደረጃ እኔ ከወጣሁ ወዲህ ረዝሟል።»

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ የማጠናው አንድ የከዋክብት ዘለላ ነው። በዘለላው ውስጥ ያሉት ሦስት መቶ ያህል ከዋክብት ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በአንድ ዘመን የተወለዱ እኅትማማቾች ናቸው፤ ከእኛ ያላቸውም ርቀት አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዷ ከሌላዋ የምትለየው በዕድሜ ሳይሆን ይዛ በተወለደችው ክብደት ነው። ከባዶቹ ነዳጃቸውን በጥድፊያ ይጨርሱና አብጠውና ቀልተው ግዙፍ ይሆናሉ፤ ቀላሎቹ ቆጥበው ይኖራሉ። የአንዲትን ኮከብ ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ቆሞ ለማየት የማንም ሰው ዕድሜ አይበቃም። ዘለላ ግን በአንድ ጊዜ ተወልደው በተለያየ የሕይወት ደረጃ ላይ የሚገኙትን እኅትማማቾች በአንድ ፎቶግራፍ አሰልፎ ያሳየናል። እኔ ይህን ሳስብ ዛሬም ድረስ ይደንቀኛል።

የእነዚህን ከዋክብት ድምቀትና ቀለም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ በነጥብ ስናሰፍር፣ በተረጋጉት ከዋክብትና በቀዮቹ ግዙፎች መካከል ባዶ ሜዳ ይታያል። ከባድ ኮከብ ሁሉ ያን ሜዳ ይሻገራል፤ መሻገሪያው ጊዜ ከሙሉ ዕድሜው አንጻር በጣም አጭር ስለሆነ ግን መሐል ላይ የሚገኝ ኮከብ ብርቅ ነው። በአክስቴ መዝገብ መሠረት አርባ ሰባት ቁጥር ኮከብ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ልክ መሐሉ ላይ ነበረች። እኔ በዚህ ዓመት በአዲሱ ካሜራ ስለካት ደግሞ ማዶ ተሻግራ፣ ከቀዮቹ ግዙፎች ጋር ተቀምጣ አገኘኋት።

ሰኞ ዕለት ይህን ለአማካሪዬ ለፕሮፌሰሩ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ያኔ መሐል፣ ዛሬ ማዶ! ኮከብ ዓይናችን እያየ ስታረጅ! ልጄ፣ ምን እንዳገኘሽ ገብቶሻል?»

«ፕሮፌሰር፣ ያን ሜዳ ለመሻገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጓታል። ሃያ ስምንት ዓመት ለእሷ ምንም ማለት አይደለም።»

«ስሌታችን ተሳስቶ እንደሆነስ?»

«መስታወቱ ተገልብጦ እንደሆነስ?»

በሳቅ ፈነዱ። «ሚዛን? ሚዛን መስታወት ገልብጣ? አክስትሽን አታውቂያትም ማለት ነው።»

ባዶ እጄን አልሄድኩም ነበር። የኮከብ ቀለም የሚታወቀው በሰማያዊ ብርሃን የተነሣውን መስታወትና በቢጫ ብርሃን የተነሣውን መስታወት አነጻጽሮ ነው። ሁለቱንም አሮጌ መስታወቶች ከመደርደሪያ አውርጄ ለክቻለሁ። በትክክል ሳስቀምጣቸው አርባ ሰባት ቁጥር ያኔም ቀይ ግዙፍ ነበረች። ሰማያዊውን ብቻ ገልብጬ ስለካ ግን፣ በመስታወት ፊት የቆመ ሰው ቀኙ ግራ እንደሚሆን የከዋክብቱ ቦታ ስለሚዞር፣ በእሷ ፋንታ ሌላ ደማቅ ኮከብ መለኪያው ውስጥ ገባች፤ ያገኘሁትም ቁጥር ከአክስቴ ቁጥር ጋር እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ሆነ።

ፕሮፌሰሩ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይህ ሊሆን ይችል እንደነበር ያሳያል፤ መሆኑን አያሳይም። እሷ ራሷ በመዝገቧ ላይ ካረመች እቀበላለሁ። ካልሆነ አርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ግኝቱን በተቋሙ ጉባኤ ፊት አስታውቃለሁ። ስምሽም ከስሜ ጎን ይሆናል።»

የክፍል ጓደኞቼ ዕድልሽን በእግርሽ አትግፊ አሉኝ። እኔ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ የወጣሁት እውነት ባልሆነ ነገር ሥር ስሜን ለማኖር አልነበረም። ስለ ኮከቧ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም። የቀረኝ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር።

ምድር ቤቱ እንደ ጥንቱ ነው፤ የብረት መደርደሪያዎቹ፣ ከሥሩ መብራት ያለው ጠረጴዛ፣ ሁለት መዘውሮችና አንድ ጠባብ ማያ ያለው መለኪያ። አክስቴ ወንበሯን በእጇ ዳሰሰች።

«ትራሴን ማን ወሰደው?»

«አይጥ በላው።»

«ከእናንተ መሐል ቁም ነገር የሠራ እሱ ብቻ ነው» አለችና ተቀመጠች። «በይ፣ ጥርስሽን አትንከሺ፤ ስትዋሺና ስትፈሪ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ እንደዚያ ነሽ። ምን አጠፋሁ?»

አፍ አውጥቼ ሳልነግራት አወቀች። ሁሉንም ዘረዘርኩላት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና ሰማያዊውን መስታወት እንድሰጣት እጇን ዘረጋች።

የእያንዳንዱ መስታወት አንዱ ገጽ ባዶ ነው፤ ሌላው ፎቶግራፉን የያዘው ስስ ቅብ አለበት። ሲለካ ቅቡ ሁልጊዜ ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ሲያዩት ግን ሁለቱ ገጾች አንድ ይመስላሉ። በሰባት ዓመቴ መለያውን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የታችኛውን ከንፈር በምራቅ ታረጥቢና የመስታወቱን ጠርዝ ታስነኪዋለሽ፤ ቅብ ያለበት ይይዝሻል፣ ባዶው ይለቅሻል። የክፍሉ ደንብ ነው፤ ያለ ከንፈር የሚለካ መስታወት የለም።

አክስቴ ከንፈሯን አረጠበች፤ መስታወቱን በሁለት እጇ ይዛ ጠርዙን አስነካች፤ ገለበጠችና ደገመች። ከዚያ በማዕዘኑ ላይ ያለችውን ጥቁር የቀለም ነጥብ አየች። ነጥቧ የቅቡ ገጽ የት እንደሆነ እንድታመለክት ፎቶውን ያነሣው ሰው የሚያኖራት ምልክት ናት።

«ነጥቧ ያለችው በባዶው ገጽ ነው» አለች በቀስታ።

«አዎ። ነጥቧን አምነሽ አስቀምጠሽው ይሆናል።»

«መጀመሪያ አርባ ስድስትን ልይ። ያን ቀን እሷንም ለማረጋገጫ ለክቼ ነበር፤ ልክ ነበረች።»

«አርባ ስድስት በመስታወቱ የመካከል መስመር ላይ ስለሆነች ቢገለበጥም ቦታዋን…»

«አንቺ! ማንን ነው የምታስተምሪው?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ መስታወቱ መለሰች። ማረጋገጫ ብላ የመረጠቻት ኮከብ ስህተቱን ልታሳይ የማትችለው አንዲቷ ኮከብ መሆኗ ያን ጊዜ ነው የገባት።

መዘውሮቹን ራሷ አዞረች። ጣቶቿ አልረሱም። በትክክል ለካች፤ ገልብጣ ለካች፤ ቁጥሮቹን በእርሳስ ጻፈች፤ አስተያየቻቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል የተሰማው የመዘውሮቹ ድምፅ ብቻ ነው።

«ልክ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «መዝገቡን አምጪው።»

በደስታ ዘልዬ ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። አሮጌውን መዝገብ አውጥቼ ገጹን ገለጥኩላት። በመዝገቡ ላይ ማረም የሚችለው ጽሑፉን የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ በቀይ ቀለም፣ በሦስት ዓምድ፦ እርማት፣ ምክንያት፣ ፊርማ። ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ ናት። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እርማት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ቀዩን ብዕር አነሣችና በመጀመሪያው ዓምድ ላይ አዲሱን ቁጥር በዚያው በማይናወጥ የእጅ ጽሑፏ ጻፈች። ወደ ሁለተኛው ዓምድ ስትደርስ ቆመች።

«‹መስታወቱ ተገልብጦ ነበር› ብትዪ ይበቃል» አልኳት።

«እሱ የሆነው ነገር ነው። ዓምዱ የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ ነው።»

«‹ነጥቧ በተሳሳተ ገጽ ላይ ነበረች› በያ።»

«ነጥብ ታሳስታለች፤ ከንፈር የኖረው ለዚያ አይደል? ሌላ ሰው ላይ ላላክክ ነው?» ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት የተጻፈውን ቀን በጣቷ ዳበሰች። «ያን ቀን ከንፈሬን አላስነካሁም። ሊፕስቲክ ተቀብቼ ነበር።»

የሰማሁትን ለማመን ቸገረኝ። በሕይወቴ አክስቴን ተኳኩላ አይቻት አላውቅም።

«ምን ትስቂያለሽ? መስታወቱን ያበላሻል ብዬ ነው።»

«አልሳቅኩም! ግን… ለማን?»

«ለምሳ። እላይ ፎቅ ያለው ሰውዬሽ፣ ያኔ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ ጫማውን እንኳ አስሮ አያውቅም። ‹ነገ ምሳ አብረን እንብላ› አለኝ። ከጎረቤት ሊፕስቲክ ተዋስኩ። ቀይ ነበር፤ ይሄን ብዕር የመሰለ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሰዓት ሆነ። በስምንት ሰዓት በምሳው ፋንታ ብጣሽ ወረቀት ላከልኝ፤ ‹አርባ ሰባት ቁጥር ዛሬውኑ ትለካልኝ› ይላል። ለካሁለት።»

«መጥረግ ትችዪ ነበር እኮ፣ አክስቴ።»

«እችል ነበር» አለች። «ምናልባት ወረቀቱን ተከትሎ ይመጣል ብዬ ነው።»

ለሁሉም ጥያቄ መልስ ያለኝ እኔ፣ በዚያች ደቂቃ የማውቀው ነገር ሁሉ ስለ ከዋክብት ብቻ መሰለኝ።

«በኋላ አልጠየቀሽም?»

«ረስቶታል። መርሳቱን ራሱ ረስቶታል። ያችን ኮከብ ይዞ ግን መጽሐፍ ጻፈ።» ፈገግ አለች። «ይሄን መዝገብ የሚያነበው ማነው?»

«እሳቸው ናቸው» አልኩ። «ዛሬ ከሥራ ከመውጣታቸው በፊት ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ።»

«ይኸውልሽ።»

በሌላ ነገር እንድትሞላው ልነግራት እችል ነበር፤ ድካም፣ ጥድፊያ፣ የመብራት መጥፋት። ማንም አይመረምረውም። ግን እሷ በዚያ መዝገብ ላይ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ሐሰት አልጻፈችም፤ እኔም ከእሷ የተማርኩት ያንኑ ነው። ኮከቧ በመሐል ሜዳ አልነበረችም። ይህን ነገ ጠዋት ሰው ሁሉ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። የምትጽፈውም አሳፋሪ ነገር አልነበረም፤ ይህን አሁንም አምናለሁ።

«እውነቱን ጻፊው» አልኳት። «አንድ ቃል ናት።»

«ላንቺ አንድ ቃል ናት።»

ከላይ የበር ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የቁልፍ ዘለላ መንቃጨል። ፕሮፌሰሩ ሲራመዱ ቁልፎቻቸው ከኪሳቸው ውስጥ ይጮኻሉ፤ በተቋሙ ውስጥ ይህን ድምፅ የማያውቅ የለም። አክስቴ ቀና አለች። ድምፁ በደረጃው አናት ላይ ቆም አለ፤ ከዚያ መውረድ ጀመረ። ሳታስበው ይመስለኛል፣ ምንም ያልተቀባውን ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ብዕሩ ከባዶው ዓምድ በላይ ተንጠልጥሏል። ወንበሬን አስጠግቼ፣ መዝገቡ እንዳይንቀሳቀስ ጠርዙን ያዝኩላት።

«አክስቴ፣ እባክሽ ጻፊው» አልኳት።