የሳሎኑ ሁለት ጎራዴዎች

ልብስ ሰፊዋና ታላቅ ወንድሟ የሟች አባታቸውን ቤት ለማስረከብ ዕቃ ሲያወጡ፣ መጨረሻ ላይ ከሳሎኑ ግድግዳ ያወረዱት ሁለቱን ጎራዴዎች ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ታሪክ አንድ ነው፤ አያታቸው ጦር ሜዳ ላይ ከአንድ የጠላት መኮንን የማረኳቸው ናቸው። አያታቸው ግንባር ላይ የነበረው ጠባሳም የዚያን ዕለት የመጣ ነው። ወንድሟ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ይህን ታሪክ ለተሳፋሪ ሳይቀር ያወራል።

«አንድ አንድ እንውሰድ» አላት። «ግን የትኛው ይበልጣል?»

እሷም ሁለቱን በአንሶላ ጠቅልላ ሙዚየም ውስጥ ወደሚሠሩ የጥንት መሣሪያ አዋቂ ወሰደቻቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አስተካክለው አንዱን ከአፎቱ መዘዙና ጣታቸውን ስለቱ ላይ አስኬዱ። ደንግጣ እጃቸውን ልትይዝ ምንም አልቀራትም።

«አይዞሽ፣ ይሄ ቅቤም አይቆርጥ። ለቲያትር የተሠራ ነው። የቲያትር ቤቱ ማህተም አፎቱ ላይ አለ፤ ነይ እዪው።»

«አያቴ እኮ ወታደር ነበሩ!»

«እሳቸውን አላውቅም። ጎራዴው ግን ወታደር አልነበረም።»

ሁለተኛውን መዘው ወደ መብራቱ አስጠጉት። እውነተኛ የጠላት መኮንን ጎራዴ ነበር፤ ስለቱ ላይም የባለቤቱ ስም ተቀርጿል። «የሚገርመኝ» አሉ፣ «የማረከ ሰው ስሙን ይፍቀዋል እንጂ አይንከባከበውም። ይሄን ግን የሆነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲወለውለው ኖሯል።»

ይብሱን ግራ ተጋብታ ወጣች። በቀጥታ የሄደችው ወደ አባቷ እህት ነው። አክስቷ ነገሩን ስትሰማ ሳል እስኪይዛት ሳቀች።

«አባዬ ጦር ሜዳን የት ያውቃል! ተዋናይ ነበር እኮ። ግንባሩን የተፈነከተው ከመድረክ ወድቆ ነው። እውነተኛው ጎራዴ የእማዬ አባት ንብረት ነው።»

«ምን? መኮንኑ… የሴት አያቴ አባት ነው?»

«አዎና። አባዬ የማረከው ልጅቷን ነው! ጎረቤት የጠላት ልጅ ብሎ እንዳያስጨንቃት፣ ጎራዴውን ምርኮ ነው ብሎ ከራሱ የመድረክ ጎራዴ ጋር ሰቀለው።»

«አባቴስ ያውቅ ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ የኔ ልጅ። ሲያወራው ሲያወራው ሳያምነው አልቀረም።»

ስትነግረው ግን ወንድሟ አልተዋጠለትም። «እትዬ እኮ ዕድሜ ተጫጭኗታል» አለና ጎራዴዎቹን ይዘው አብረው ሄዱ። አክስታቸው ሁለቱንም አገላብጣ አየች፤ ከዚያ የቲያትሩን አንስታ «ይሄ ነው የእማዬ» አለች።

ወንድምና እህት ተያዩ። እሷ «አላልኩሽም!» ይላል ብላ ስትጠብቅ እሱ አፎቱ ላይ ያለውን የቲያትር ቤቱን ማህተም በጣቱ ዳሰሰ።

ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ «የቲያትሩን ለኔ ስጪኝ» አላት።

«የውሸቱን?»

«የውሸቱን ነዋ! አያታችን በእጃቸው የያዙት እሱን ነው። የዚያኛውን ሰውዬ አላውቀውም።»

ስለዚህ የማያውቁት ሰውዬ ለእሷ ደረሰ። ስሙን ድምፅ አውጥታ ልታነበው ሞከረች፤ አፏ ውስጥ አልመች አላት። ቅድመ አያት ትበለው ጠላት ትበለው ቸገራት። ጎራዴውን ቁም ሳጥኑ ላይ ስታስቀምጥ ልጇ አየቻት።

«የማን ነው፣ እማ?»

«የዘመድ።»

«በማን በኩል?»

ልብስ ሰፊዋ ከቆመችበት ወንበር ላይ ሆና ጎራዴውን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። «ቆይ እስቲ» አለች፣ «እኔም ገና አልገባኝም።»