ለቅሶ የማይሰማው ወጌሻ

ጣሊያን ደሴ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ወጌሻው ሞላልኝ ከጦርነቱ ወዲህ እጁ አላረፈም፤ አጥንቱ የተሰበረ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። አንድ ቀን ከገራዶ የመጣች ሴት ክንዷን ሲያቃናላት አምርራ ስታለቅስ፣ እሱ ስለ ምሳው እያሰበ መሆኑን አስተዋለ። ይህ ምን ዓይነት በሽታ ይሆን ብሎ በነጋታው ኮምቦልቻ ወረደና አሮጊቷን አዋላጅ እትዬ ጀሊላን ጠየቃቸው።

«የሰው ሥቃይ አልሰማ አለኝ። እርስዎስ አጋጥሞዎት ያውቃል?»

«ወላሂ አጋጥሞኛል» አሉት። «ልጇ የሞተባትን እናት አቅፌ ስለ በጎቼ አስብ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ደጋን ከተማ ያለችው እህቴ ዘንድ ሄጄ አንድ ወር ተቀመጥሁ። ሰዉ ሌላ አዋላጅ ፈለገ። ምትክ እንዳለኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ሸክሙ ቀሎልኝ ስመለስ የሰው ለቅሶ እንደገና ይሰማኝ ጀመር።»

ሞላልኝ ነገሩን ሞክሮ ለማየት ጓጓ። ሕመምተኞቹን ቦሩ ሜዳ ላለው ደጉ ለሚባል ወጌሻ አደራ ብሎ፣ ወር ሙሉ የወንድሙን ጤፍ ሲያርም ከረመ።

ሲመለስ መጀመሪያ የመጡት ትከሻቸው የወለቀ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸውን ሳብ ሲያደርገው አቃሰቱ፤ የሞላልኝም ፊት አብሮ ተጨማደደ።

«ትንሽ እንረፍ፣ አባቴ» አላቸውና ውሃ ሊያመጣላቸው ተነሣ።