የኪራኮስ ወፍጮ

እትዬ ውድነሽ ካናዳ ካልጋሪ ካለው ዶቨር ሰፈር ተነሥተው እዚያው ከተማ ታራዴል ሰፈር ያለው ለቅሶ ቤት ሲገቡ፣ ለቀስተኛው ስለ ሟቹ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። ጋሼ ኪራኮስ ደግ ሰው ነበሩ፣ አየር ማረፊያው ፓርኪንግ በጥበቃ ሲሠሩ ሺፍት ቀርተው አያውቁም ይባባላሉ። ልጃቸው ሠናይት ፍራሹ ላይ ሆና ትሰማለች። የአባቷን የቀድሞ ታሪክ ከየት ብላ ትጀምርላቸው?

አባቷ፣ አገሪቱ ፋብሪካ መትከል በጀመረች ጊዜ ከነበሩት ቀያሾች አንዱ ነበር። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦታ ሊለካ ወሎ ወርዶ፣ ሴቶቹ እህል በድንጋይ ሲፈጩ መዳፋቸው ቆስሎ አየ። ሥራውን ለቆ እዚያው ከረመ። ወንዙን ቀየሰ፣ ቦይ አስቆፈረ፣ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ነድፎ ተከለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርቷል፤ የሚያወራው ግን ስለዚያ ወፍጮ ብቻ ነበር። ካልጋሪ ከመጣም ወዲህ፣ አንዴ ሲዞር አይቼው ልሙት ይላታል። እሷም ለከርሞ ትለዋለች።

በመሀል ጦርነቱ ወሎ ገባ። ወፍጮው መቃጠሉን ሠናይት ከዘመድ ሰማች፤ አባቷ እንዳይሰማም የቤቱን ሰው ሁሉ አስማለች። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ስለ ወፍጮው ሲያነሣ «ይዞራል አባዬ» አለችው። «ይዙር» አላት ዐይኑን ጨፍኖ። ሳያውቅ መሞቱ ብቻ ነበር መጽናኛዋ።

እትዬ ውድነሽ አጠገቧ ተቀመጡ። ወፍጮው የተተከለበት አገር ልጅ ናቸው። የእናታቸው መዳፍ የዳነው ወፍጮው ከተተከለ ወዲያ እንደነበር ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«መቃጠሉን ደውዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ።

ሠናይት ቀና አለች። «አባዬ ያውቅ ነበር?»

«ያኔውኑ። ሴቶቹስ እንዴት ሆኑ አሉኝ። ወደ ድንጋዩ ተመለሱ አልኳቸው። ከዚያ፣ አደራ ሠናይት እንዳትሰማ፣ እሷ ይዞራል ብላ ነው የምታጽናናኝ አሉ።»

ሠናይት አላለቀሰችም። አባቷ ያን ዜና ይዞ በየማታው ከእሷ ጋር ማዕድ ሲቀርብ፣ ጣፈጠኝ እያለ ሲያመሰግናት ታያት። ብቻውን የት አልቅሶት ይሆን? አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም።

እትዬ ውድነሽን የውጭው ብርድ ገና አልለቀቃቸውም። ሠናይት የለበሰችውን ጋቢ ገልጣ ግማሹን አለበሰቻቸው፤ ጫፉንም፣ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው፣ ቀስ ብላ ከእግራቸው ሥር ወተፈችው።