ናናው ዝም አለ

በዚያ ፎቅ ጣሪያ ላይ ነዋሪው ሁሉ ከወላጆቹ ደጅ ያመጣውን ተክል በባልዲ ያሳድጋል። የማን ባልዲ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ጉባኤው ብቻ ነው። ሰው ከጉባኤ መቅረት ሲያበዛ ሊቀመንበሩ አንድ መላ ዘየዱ፤ መምጣት ያልቻለ ተክሉን ይላክ፣ ተክሉ ከመጣ ባለቤቱ እንደመጣ ይቆጠራል አሉ። ደግ አላደረጉም። ሰው እንዲህ ያለ ሰበብ አግኝቶ ማን ይመጣል?

ልብስ ሰፊዋ ግን ጉባኤውን በጉጉት ነበር የጠበቁት። ጤናዳማቸው ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ጥላ ደርሶት እየጠወለገ ነው። እናታቸው ከተከሉት የተረፈው ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ከደረቀ የእናታቸው ደጅ ሽታ ከዚህ ዓለም ጠፋ ማለት ነው። ይህ እያንገበገባቸው፣ የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ አዳራሽ ገቡ።

ወንበሩ ሁሉ በባልዲ ሞልቷል። ሎሚው፣ በሶብላው፣ ጽጌረዳዋ ተደርድረዋል፤ በሊቀመንበሩ ወንበር ላይ የሊቀመንበሩ ናና ጉብ ብሏል። ሰው የሚባለው፣ ባልዲ ሲያመላልስ ደክሞት በሩ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ አፈሩ፤ ኋላ ግን ተናደዱ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጤናዳማቸው ጣሪያው ላይ ፀሐይ ከሚያገኘው ከናናው ጋር ቦታ እንዲለዋወጥ ሐሳብ አቀረቡ። የሚቃወም ካለ ብለው ጠየቁ። ጽጌረዳዋ አንድ ቅጠል ጣለች፤ ዘበኛው ግን ድምፀ ተአቅቦ ነው ብሎ አለፋት። ከዚያም ተነስቶ ሁለቱን ባልዲዎች በውሳኔው መሠረት አዘዋወራቸው።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ጣሪያ ላይ ሲወጡ ደማቸው ፈላ።

«ማን ፈቅዶ ነው?»

«ጉባኤው ነዋ» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ናናዎ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ዝም አለ።»

ሊቀመንበሩ ናናው እኔን አይወክልም እንዳይሉ፣ እሳቸውን ዳግም የመረጣቸውም ያው የባልዲ ጉባኤ ነው። ቢቸግራቸው ከታንከሩ ጀርባ ዞረው፣ ምነው አንድ ቃል እንኳ ብትተነፍስ እያሉ ናናውን ይገስጹት ጀመር። ናናው እንደሆነ ጥላው ተስማምቶታል።

ጤናዳሙም ለመለመ። ለሚቀጥለው ጉባኤ ዘበኛው ባልዲ ሊሰበስብ ሲወጣ፣ ልብስ ሰፊዋ ከጉልበታቸው ጋር እየታገሉ ደረጃውን ሲወርዱ አገኛቸው።

«እማማ፣ ምን አደከመዎት? ጤናዳሙን ልውሰድልዎታ።»

ቅጠሉን ያሹበትን ጣታቸውን አሸተቱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ተዋት፣ ፀሐይ እየሞቀች ነው» አሉ። «እኔ እሄድላታለሁ።»